አሮጌው ቤትም ይቁም ተከራዩም ይኑርበት፣ ይሄ እንዴት ነው የሚሆነው?

ጎንደር ውስጥ አሁን አሁን ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ወሬው ወይ የኮሪደር ልማት ነው ወይ ቤት ነው። አንዱ "ቤታችን ቢፈርስ የት እንገባለን" ይላል፣ ሌላው "እነዚህ የፒያሳ ቤቶች እኮ ቅርስ ናቸው፣ እንዴት ይነካሉ" ይላል። የሚያሳዝነኝ ሁለቱ እንደ ተቃራኒ መተያየታቸው ነው፣ የቅርስ ነገር የሚያሳስበው ሰው ለድንጋይ እንጂ ለሰው የማያዝን ይመስላል፣ ቤት የቸገረው ደግሞ ለታሪክ ደንታ የሌለው ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ስላደግኩ የማውቀው ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ ቤት መሆኑን ነው። ታሪክ ያለው አሮጌ ቤትና ድሃ የሚችለው ርካሽ ቤት እኛ ከተማ ውስጥ ያው አንድ ቤት ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ የቱ ይቅደም ሳይሆን ያንን ቤት ማን ያድሰው፣ በምን ብር፣ ከታደሰ በኋላስ ማን ይኑርበት የሚለው ነው። ይሄን ነው ዛሬ በቀላሉ ለማስረዳት የምሞክረው።

ከአክስቴ ቤት ልጀምር። ቤቱ ከጃንተከል ዋርካ ብዙም አይርቅም፣ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው፣ ከፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው፣ ደረጃው በውጭ በኩል ነው የሚወጣው። በረንዳው ላይ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ ቀና ስትሉ የፋሲል ግንብ አናት ይታያል። ድሮ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር ይባላል፣ አሁን አምስት አባወራ ይኖርበታል፣ ታች ሁለት ሱቅ አለ፣ አክስቴ ፎቁ ላይ በሁለት ክፍል አራት ልጅ አሳድጋበታለች። የወር ኪራዩ አንድ ኪሎ በርበሬ አይገዛም። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሳፋና ባልዲ ይደረደራል፣ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ሁላችንም በቃላችን ነው የምናውቀው፣ አንዱ ከአልጋው ራስጌ፣ አንዱ ቁም ሳጥኑ ጥግ፣ አንዱ በሩ ላይ፣ ሌሊት ዝናብ ሲጀምር አክስቴ መብራት ሳታበራ ነው ባልዲውን ቦታው ላይ የምታስቀምጠው።

ይሄ ቤት እንዴት እዚህ ደረሰ ካላችሁ ነገሩ 1967 ላይ ነው የሚጀምረው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 47 ማለት ነው፣ የከተማ መሬትን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ውጪ ያለውንም ትርፍ ቤት ወረሰ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደ። ኪራዩም ተቀነሰ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙም ሳይነካ እንደዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ በስንት ዓመቱ የኑሮ ውድነት ውስጥ ከተማው መሃል መኖር የቻለው በዚህ ነው። ግን አስቡት፣ ከአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ ያነሰ ኪራይ ተሰብስቦ ቆርቆሮ ይገዛል እንዴ? አይገዛም። ተከራዩም በራሱ ብር ላድስ ቢል ቤቱ የሱ አይደለም፣ ነገ ተነሳ ቢባል ያወጣው ብር አይመለስለትም፣ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባለቤቱም አያድስም ተከራዩም አያድስም። ያ ርካሽ ኪራይ ቤቱን ያጎሳቆለውም ከመፍረስ ያተረፈውም እሱው ነው፣ ምክንያቱም ቤቱ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ድሮ ፈርሶ ባለ መስታወት ፎቅ በሆነ ነበር።

ሌላው ወገን የቅርስ ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም፣ አይለወጥም፣ የያዘው ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ወጪውም የባለቤቱ ነው፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ግን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ችግሩ "ሊሸፍን ይችላል" እና "ይሸፍናል" መሃል ያለው ርቀት ነው፣ ለዚህ ተብሎ የተቀመጠ ቋሚ ብር ከሌለ ሕጉ ክልከላ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ አትንካው ብሎ ግን በምን እንደምታቆመው ሳይነግርህ። ቤት ደግሞ ስላልተነካ አይድንም፣ ጣሪያው ካፈሰሰ በጥቂት ክረምት ውስጥ ወጋግራው ይበሰብሳል፣ ከዚያ ግድግዳው ከላይ መዝመም ይጀምራል።

ቅርስ ሲባል የግንቡን ግቢ ብቻ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እርግጥ ነው፣ ፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የከተማችን ዋና ነገር ነው፣ ቁስቋምም ደብረ ብርሃን ሥላሴም የፋሲል መዋኛም አብረው ተመዝግበዋል። ግን ጎንደር ግንብ ብቻ አይደለችም። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ሲቆረቁሩ ቤተ መንግሥቱን ዙሪያውን የያዘው ሕዝቡ ነው፣ አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት፣ ወረድ ብሎ አዲስ ዓለም፣ ሰፈሩ ራሱ ታሪክ ነው። ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ በ1928 ከተማዋን ያዘ፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት የከተማ ፕላን አወጣላት፣ ፒያሳ ላይ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ መሀል ከተማ ያሉት እነዚያ ጥጋቸው ክብ የሆኑ ቤቶች ያኔ ተሰሩ። ያ ፕላን ነጩን ለብቻ አበሻውን ለብቻ የሚያኖር ፕላን እንደነበር መርሳት የለብንም። አሁን ደግሞ ለነጭ ብቻ ተብሎ በተሰራው ቤት ውስጥ የኛ ሰው እንጀራ ይጋግርበታል፣ ልጅ ያሳድግበታል፣ ለኔ ይሄ ራሱ ከግድግዳው ያላነሰ ቅርስ ነው።

አሁን ወደ እድሳቱ ልግባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚባክነውም ብዙ ቤት የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። አክስቴ ቤት ከአመታት በፊት ታችኛው ግድግዳ ተሰንጥቆ ስለነበር ነዋሪው ብር አዋጥቶ በሲሚንቶ አስለሰነው፣ አምሮ ነበር፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ባለፈው ጥር ልስኑ ሲያብጥ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠራን፣ እኚህ ሰው እድሜያቸውን በሙሉ በድንጋይ ሥራ ያሳለፉ ናቸው። መጀመሪያ በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ባዶ እንስራ ነው የጮኸው። ከዚያ መሮውን ጫፉ ላይ ሲያስገቡት ልስኑ እንደ ምጣድ ክዳን አንድ ላይ ተላቆ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ርጥብ ነበር። ጥር ላይ ነው የምላችሁ፣ ዝናብ ከቆመ ወራት አልፎታል፣ ጭቃው ላይ ጣቴን ስጫነው ምልክቱ ቀረ። ሽማግሌው "ይሄን ማን ለጠፈው ልጄ፣ ውሃውን እኮ ቆልፋችሁበታል" አሉኝ።

የሆነው ይሄ ነው። በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተሰራ ግድግዳ ውሃ ከመሬትም ከዝናብም ትንሽ ትንሽ ይጠጣል፣ በበጋ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ደረቅና ድፍን ነው፣ ቤቱ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ሲነቃነቅ አብሮ አይነቃነቅም፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ከዚያ ውስጡ ያለው ጭቃ ይሟሟል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ስታዩት አዲስ የመሰለው ግድግዳ ከውስጥ ባዶ ይሆናል። ኖራ እንደዚህ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፣ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ነው ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው። ስለዚህ ቸኩሎ እንዳይደርቅ በረጠበ ጆንያ እየሸፈኑ ቀናት መጠበቅ አለበት። ለስላሳ ነው፣ ውሃን ያሳልፋል፣ ትንሽ ሲሰነጠቅም እርስ በርሱ የመያያዝ ባህርይ አለው። ግንቡ ራሱ የተሰራው በኖራ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠግኖ የነበረውም ኋላ ላይ ወደ ኖራው እንዲመለስ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የንጉሥ ግንብ የሚያስፈልገው ነገር ለአክስቴ ቤትም ያስፈልገዋል።

"ታዲያ ማፍረስና አዲስ መገንባት አይቀልም ወይ" የሚል ሰው አለ፣ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሳፋና ባልዲ የሰለቸው ነው። መልሴ ይሄ ነው፣ ሲፈርስ የሚቆጠረው የግንባታው ወጪ ብቻ ነው፣ የሰውየው ወጪ አይቆጠርም። ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲመጣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ብዙ ሰውም ባለቤት ሆኖበታል፣ በ20/80 ሃያ በመቶውን ትቆጥባለህ ሰማንያውን ባንክ ያበድርሃል። ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆነች፣ ታች በራፉ ላይ ጠላ የምትሸጥ ወይ እንጀራ ጋግራ ለፒያሳ ሆቴሎች የምታደርስ ሴት ሃያ በመቶውን ከየት ታመጣለች? ብታመጣስ ከከተማ ዳር ሆና በባጃጅ ደርሶ መልስ ስትከፍል ከእንጀራው ምን ይተርፋታል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ እጣው የደረሰው ደሃ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ጠባብ ክፍል ይከራያል። ሌላው ደግሞ ዳር ላይ ጨረቃ ቤት ይሰራል፣ ያም ነገ ይፈርሳል። ተከራይ ስለሆነ ደግሞ እንደ ባለንብረት የቤት ካሳ የለውም። መሃል ከተማ የሚኖር ሰው ቤቱ ግድግዳው ብቻ አይደለም፣ ደንበኛው፣ እድሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ በእግር የሚደርስበት ሆስፒታል ሁሉ የኪራዩ አካል ነው።

ይሄን ጥያቄ ሌላ ዓለም እንዴት እንደመለሰው ሁለት ምሳሌ ላምጣ። አንደኛው ጣሊያን ነው፣ ቦሎኛ የምትባል ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1973 የከተማው አስተዳደር፣ ፒየር ሉዊጂ ቼርቬላቲ የሚባለው አርክቴክት ዋና ሰው ሆኖ፣ እስከዚያ ድረስ ከከተማ ዳር አዲስ ብሎክ ለመስራት ብቻ ይውል የነበረውን የሕዝብ ቤት በጀት መሃል ከተማ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለማደስ እናውለው አለ። መርሁ ቀላል ነበር፣ ቤቱም ነዋሪውም አብረው ይጠበቁ። ሰው ቤቱ እስኪታደስለት ለጊዜው ሌላ ቤት ይገባል፣ ሲያልቅ ይመለሳል፣ የሚገባበትም ጊዜያዊ ቤት እዚያው ሰፈር አካባቢ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ትልቁ እንቅፋት የሆነባቸው የባለቤትነት ጉዳይ ነው፣ መጀመሪያ ቤቶቹን ከግለሰቦች ወርሰን እናድሳለን ብለው ነበር፣ ተቃውሞ ስለበዛ ከባለቤቶቹ ጋር ውል ወደመግባት ዞሩ፣ እኛ ለእድሳቱ እናግዝሃለን አንተ ደግሞ ለተወሰነ ዓመት ኪራይ እንዳትጨምር የሚል ውል። ይሄን ሳነብ ነው ስለኛ ከተማ ያሰብኩት፣ ቦሎኛን ያስቸገራት ነገር እኛ ጋ ከ1967 ጀምሮ ያለቀ ነው። የመሃል ከተማው አሮጌ ቤት ብዙው የመንግሥት ነው። መውረስ አያስፈልግም፣ ካሳ አያስፈልግም፣ ባለቤቱና ኪራይ ተማኙ አንድ አካል ነው፣ የጎደለው የማደሻው ብርና የሚመለስበት ውል ነው።

ሁለተኛው አሜሪካ ነው፣ እነሱ ደግሞ ነገሩን በታክስ ነው የሚሰሩት፣ ትንሽ ጠመም ስለሚል ቀስ ብዬ ላስረዳ። ታክስ ክሬዲት የሚባል ነገር አለ፣ ከገቢህ ላይ ሳይሆን ከምትከፍለው ታክስ ላይ በቀጥታ የሚቀነስልህ ብር ነው። ታሪካዊ ሆኖ የተመዘገበን ቤት ለኪራይ ወይ ለንግድ እንዲውል አድርገህ በደንቡ መሠረት ካደስክ የወጪህን 20 በመቶ ከታክስ ይቀንሱልሃል፣ ለ10 ሚሊዮን ዶላር እድሳት 2 ሚሊዮን ማለት ነው። ለብቻው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ለዝቅተኛ ገቢ ኪራይ ቤት የሚሰጥ ሌላ ክሬዲት አለ፣ እሱ በየዓመቱ እየተከፈለ ለ10 ዓመት ይሰጣል፣ በምላሹ ቤቱ ውስጥ ከተወሰነው ክፍል በላይ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው መሆን አለበት፣ ኪራዩም ለዚያ የገቢ ደረጃ ከተቀመጠው ጣሪያ 30 በመቶውን አያልፍም፣ ግዴታው ቢያንስ ለ30 ዓመት ይቆያል። አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ወይ ፋብሪካ ወስዶ ወደ መኖሪያ የሚቀይር ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ መጠቀም ይችላል። ሁለቴ እንዳይቆጠር ግን በመጀመሪያው ያገኘው ከሁለተኛው ስሌት ላይ ይነሳል። አልሚው ያን ያህል ታክስ የማይከፍል ከሆነስ? ባንክ ሸሪክ አድርጎ ያስገባል፣ ባንኩ ጥሬ ብር ያወጣል፣ ክሬዲቱን ለራሱ ታክስ ይጠቀምበታል። እንዲህ እየተሰራ ከ40 ሺህ በላይ አሮጌ ሕንፃ ታድሷል።

ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለት ግን አይደለም። የቅርስ ገምጋሚው የትምህርት ቤቱ ሰፊ ኮሪደርና ትልልቅ መስኮት እንዳለ ይቆይ ይላል፣ የቤት ልማቱ ሰው ደግሞ ኮሪደሩ ቢጠብ ሦስት ቤት ይጨመር ነበር ይላል። ለዚህ አስር ነጥብ ያለው መመሪያ አላቸው፣ ዋናው ሐሳቡ የተበላሸውን ከመቀየር መጠገን ይቅደም፣ አዲስ የሚጨመረው አዲስ መሆኑ ይታወቅ፣ ቤቱን ቤቱ ያሰኘው ነገር አይጥፋ የሚል ነው። ፈቃዱም ሥራ ሳይጀመር ነው የሚጠየቀው፣ ሲያልቅም ታይቶ ነው የሚጸድቀው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ያለ ፈቃድ ካበላሸኸው የተሰጠህ ብር ይመለሳል።

ከዚህ ወደ ጎንደር የሚመጣው ታክሱ አይደለም፣ እኛ ጋ የታክሱ አሰራር ሌላ ነው። የሚመጣው ሐሳብ ግን አለ፣ አንድ ቤት ሁለት ጥቅም ከሰጠ ከሁለት ኪስ ብር ሊወጣለት ይገባል የሚለው። ቤቱ ቅርስ ነው፣ ስለዚህ ከቱሪዝሙ ኪስ። ቤቱ የድሃ መኖሪያ ነው፣ ስለዚህ ከቤት ልማቱ ኪስ። አሁን የቅርስ ቢሮው "ይሄ የቤቶች ጉዳይ ነው" ይላል፣ የቤቶቹ ደግሞ "ይሄ የቅርስ ጉዳይ ነው" ይላል፣ ቤቱ ሁለት አባት እያለው እንደ ወላጅ አልባ ነው የሚያድረው።

ሦስተኛ ኪስም አለ፣ ራሱ ቤቱ። አክስቴ ቤት ታች ያሉትን ሁለት ሱቆች አስቡ። ቁጥሩ ስሌቱን ለማሳየት ያህል ብቻ ነው፣ ሁለቱ ሱቅ በገበያ ዋጋ እያንዳንዳቸው በወር 15,000 ብር ቢከራዩ በዓመት 360,000 ብር ይመጣል። ፎቁ ላይ ያሉት አምስት አባወራ ኪራያቸው ወደ 500 ብር ከፍ ቢል፣ ይሄም አሁንም ርካሽ ነው፣ በዓመት 30,000 ይጨመራል። በአጠቃላይ 390,000። ጣሪያው፣ ኖራው፣ በረንዳው፣ ሽንት ቤቱ 3 ሚሊዮን ቢፈጅና ያለ ወለድ በአስር ዓመት ቢከፈል በዓመት 300,000 ነው፣ የቀረው ለየዓመቱ ጥገና ይተርፋል። ወለድ ካለበት ደግሞ ከላይ ያሉት ሁለቱ ኪሶች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ዋናው ነገር የሱቁ ብር ወደ አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ሳይጠፋ ለዚያው ቤት ተብሎ በተለየ ሂሳብ መቀመጡ ነው፣ ያለዚያ ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አራተኛው መንገድ ትንሽ ረቀቅ ይላል፣ የመገንባት መብትን ማዛወር ይሉታል። ግንብ አጠገብ ከፍ ያለ ፎቅ መስራት አይቻልም፣ ትክክል ነው። ግን እዚያ የተከለከለው ከፍታ ሌላ ቦታ ላይ ሊሰጥ ይችላል። ኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል የሚባለው ባቡር ጣቢያ ላይ ፎቅ እንዳይሰራ ሲከለከል ባለቤቶቹ ያልተጠቀሙበትን የአየር ላይ መብት አካባቢው ላለ ሌላ ቦታ እንዲያዛውሩ ተፈቅዶ ነበር፣ እነሱ ግን ከተማውን ከስሰው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ከተማው ረታ። እኛ ጋ መሬት የመንግሥት ነው፣ በሊዝ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ በኛ አሰራር ቢታሰብ አዘዞ መንገድ ላይ ሁለት ፎቅ ጨምሮ መስራት የሚፈልግ ባለሀብት ለጨመረው ፎቅ የሚከፍለው ብር ለፒያሳ አንድ ቤት እድሳት ይውላል ማለት ይቻላል። የኔ ሐሳብ ነው፣ ሕግ ሆኖ የወጣ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሚፈራውን ልናገር። ለኔ ትልቁ አደጋ መፍረሱ ብቻ አይደለም፣ ታድሶ ባዶ መሆኑ ነው። ቤቱ ያምራል፣ ቀለም ይቀባል፣ መብራት ይሰቀልበታል፣ ከዚያ "ካፌ ቢሆን ይሻላል" ይባላል፣ አክስቴ አትመለስም። ወይ ደግሞ ሰው ወጥቶ ጥናት እስኪያልቅ ተብሎ ይዘጋል፣ የተዘጋ ቤት በሁለት ክረምት እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል፣ ቆርቆሮው ሲነሳ የሚያይ የለም፣ አሸንዳው ሲደፈን የሚጠርግ የለም፣ ጭስ ስለማይገባው ምስጥ ይገባበታል። ስለዚህ በስብሰባ ላይ "ትመለሳላችሁ" ሲባል ማጨብጨብ ብቻ ሳይሆን የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። በየትኛው ቀን ነው የምንመለሰው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? ጊዜያዊ ቤቱ የት ነው፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል? ከተመለስን በኋላ ኪራዩ በስንት ዓመት ስንት ብር ነው የሚጨምረው? ልጄ ቤቱን መውረስ ይችላል ወይስ እኔ ስሞት ያልቃል? እነዚህ ሳይጻፉ ከቤት መውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ክርክር የውስጡ ነገር ነው። አንዳንድ የቅርስ ወዳጅ ቤቱ እንዳለ ይቀመጥ ሲል አምስት አባወራ በአንድ የጋራ ሽንት ቤት እንዲኖር እየፈረደ መሆኑን አያስተውልም። መጠበቅ ያለበት የቤቱ ቁመና፣ ግድግዳው፣ በረንዳው፣ ደረጃው፣ የጣሪያው ቅርጽ ነው፣ ውስጡ ሰው የሚኖርበት መሆን አለበት። ሽንት ቤትና ወጥ ቤቱ ከጓሮ በኩል ራሱን ችሎ በሚቆም ትንሽ ግንባታ ቢሰራ ውሃውም ከአሮጌው ግድግዳ ይርቃል፣ ፊት ለፊቱም አይበላሽም። ጓሮው ሰፊ ከሆነም ከፊተኛው ቤት ከፍታ ሳያልፍ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ክፍል ይወጣዋል፣ ያ ማለት ማንም ሳይነሳ የቤት ቁጥር ጨመረ ማለት ነው። ሮቶውን ደግሞ እባካችሁ ጣሪያ ላይ አትስቀሉት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የግድ ነው፣ ግን 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፣ ሃያ ኩንታል እህል መቶ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ወጋግራ ላይ እንደመጫን ነው። መሬት ላይ ማቆሚያ ተሰርቶለት ይቁም።

አሮጌ የሆነ ሁሉ ቅርስ ነው ማለቴም አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት በማገርና በጭቃ ተጣብቆ የተሰራ፣ ቆርቆሮው የዛገ ማድ ቤት ስለቆየ ብቻ ሙዚየም መሆን የለበትም፣ ፈርሶ በዚያው ከፍታ ጥሩ የኪራይ ቤት ቢሰራበት ደስ ይለኛል። ለዚህ ነው ቤት ለቤት ተሂዶ መመዝገብ ያለበት፣ የማይነካው፣ ውጭው ተጠብቆ ውስጡ የሚሻሻለው፣ ሊተካ የሚችለው ተብሎ ተለይቶ፣ ዝርዝሩም ነዋሪው የሚያየው ቦታ ተለጥፎ። ሰው የሚጨነቀው የሱ ቤት የትኛው ውስጥ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ባለሙያ የለም የሚባለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ድንጋይ መጥረብ የተማሩ ስንት ልጆች አሉ፣ ኖራ ማቡካቱን የሚያሳያቸው አንድ ሽማግሌ ነው የሚፈልጉት፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

እኛ በየካቲት የታችኛውን ግድግዳ አንዱን ጎን በኖራ አስለሰንነው። የአክስቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ ከሽማግሌው ጋር ሰሩት፣ አስራ አንድ ቀን አክስቴ ጠዋትና ማታ ጆንያውን ውሃ እያርከፈከፈች ጠበቀችው፣ "እንደ አራስ ነው የያዝኩት" ትላለች። በዚህ ክረምት ያ ጎን ደርቆ ነው የከረመው፣ እጄን አስደግፌ አይቼዋለሁ። ጣሪያው ግን የአምስቱም አባወራ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አይደለም፣ አምስቱም ፈርመው ደብዳቤ አስገብተዋል፣ ከሱቆቹ ኪራይ ላይ ለቆርቆሮና ለወጋግራ እንዲፈቀድ፣ ከእድሳቱ በኋላም በዚያው ቤት ለመቀጠል ውል እንዲጻፍላቸው። መልሱን እየጠበቁ ነው፣ ባልዲዎቹም አልጋው ሥር ናቸው።